ጎማው ይንቀሳቀስ፦ በክላሲክ ስፖርት መኪና ላይ አዲስ ሰስፔንሽን ስለመግጠም

መኪና ወዳድ ሰው አሮጌ ስፖርት መኪና እጁ ስትገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው። ፓራፋንጎዋ ላይ ሁለት እጁን ጭኖ ወደ ታች ይገፋታል። መኪናዋ ዝቅ ትልና ትመለሳለች፤ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ጊዜ ትወዛወዛለች። ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ "ይቺ ለስልሳለች፤ ጠንከር ያለ ሞላ ያስፈልጋታል።" እኔም እንዲሁ ፈርጄ ነበር። ስለ ሰስፔንሽን መለዋወጫ አገጣጠም እንድናገር ስትጋብዙኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ፍርድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሠራኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የመጡት ከእሱ ነውና።

በእጅ ተገፍታ የምትወዛወዝ መኪና የምትነግረን ስለ ሾክ አብዞርበሯ እንጂ ስለ ሞላዋ አይደለም። ሞላ ክብደት ይሸከማል፤ ጎማው እብጠት ላይ ሲወጣ ተጨምቆ ኃይል ያጠራቅማል። ያን የተጠራቀመ ኃይል በዘይት ውስጥ ወደ ሙቀት ቀይሮ የሚያጠፋው ሾክ አብዞርበሩ ነው። 50 ዓመት የሆነው ሾክ አብዞርበር ዘይቱ አፈትልኮ፣ ቫልቩ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ሞላው ግን ካልተሰበረና ዝገት ካልበላው በቀር ግትርነቱ ከዕድሜ ብዛት እምብዛም አይቀንስም። ቁመቱ ጥቂት ሊያጥር ይችላል፤ ለአንድ ሚሊሜትር የሚጠይቀው ኃይል ግን ያው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሕመሙ ሾክ አብዞርበሩ ላይ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱን ለሞላው የምንሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይዤላችሁ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው። ሰስፔንሽን፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው የሞላ፣ የሾክ አብዞርበርና የክንዶች ሥርዓት፣ የተሠራው ጎማው እንዲንቀሳቀስ ነው። መለዋወጫ የሚገጥም ሰው ሥራው ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ያለ ከልካይ እንዲሄድ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ደግሞ ንቅንቅ እንዳይል ማድረግ ነው። የምትገዙት ሞላ፣ ቡሽ (በማጠፊያዎቹ ላይ የሚገባው ላስቲክ መሰል ማቀፊያ)፣ ስታብላይዘር ባር (የግራና የቀኝ ጎማን አያይዞ መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታጋድል የሚይዝ ብረት) ሁሉ በዚህ መለካት አለበት። "ጠንካራ ነው ወይ?" ከሚለው ጥያቄ በፊት "ጎማው ይሄድበት የነበረውን መንገድ ይዘጋበታል ወይ?" የሚለው ይቀድማል።

ምሳሌዬ ዳትሰን 240ዜድ ናት፤ ለዓመታት የሠራሁባት መኪና እሷ ናት። ኒሳን እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ ያወጣት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2,393 ሲሲ ሞተር ያላት፣ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ናት። አራቱም ጎማዎቿ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። ከፊት ያለው የማክፈርሰን ስትራት ነው፤ አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን የነደፈው፣ ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ በአንድ ምሰሶ ላይ ተጣምረው ምሰሶው ራሱ የጎማውን አቋም የሚይዝበት አሠራር ነው። የኋላውም የዚያው ዘመድ ነው። የሎተስ መሥራች ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ሎተስ 12 በተባለችው የውድድር መኪና ጀርባ ላይ ስላዋለው የቻፕማን ስትራት ይሉታል።

ይህችው 240ዜድ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ሁለት ጊዜ አሸንፋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ኤድጋር ኸርማን፣ በ1973 ደግሞ ሼካር ሜህታ ነድተዋት። ያ ውድድር በጭቃና በአቧራ፣ በጉድጓድና በድንጋይ ላይ የሚሮጥ ነው። ጎማዋ የሚንቀሳቀስበት ቦታ የሌላት መኪና እዚያ ቀኑን አትውልም። ቻፕማን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣት ኢላን ሞላዋ ለስላሳ ነበር፤ በመንገድ አያያዟ ግን እስከ ዛሬ ስሟ ይነሳል። ሁለቱን መኪኖች ያነሳሁት አሮጌ ስፖርት መኪና ዝቅ ካላለችና ካልደረቀች መንገድ አትይዝም የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ ስለማይገባኝ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ቁጥር የማይወድ ሰው ይታገሰኝ፣ አጭር ነው። አንዱ የመኪናዋ ጥግ 250 ኪሎ ግራም ይሸከማል እንበል። ሞላው በአንድ ሚሊሜትር 18 ኒውተን የሚጠይቅ ይሁን። መኪናዋ ዝም ብላ ቆማ ሳለች ያ ሞላ በክብደቷ ብቻ 136 ሚሊሜትር ያህል ይጨመቃል፤ ጥጉም ቢነካ በሰከንድ 1.35 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል። አሁን ሞላውን አውጥተን እጥፍ ግትር የሆነ፣ በሚሊሜትር 36 ኒውተን የሚጠይቅ እናስገባ። ውዝዋዜው በሰከንድ 1.9 ጊዜ ይሆናል። ግትርነቱ እጥፍ ሲሆን የውዝዋዜው ፍጥነት ያደገው በ41 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ለስፖርት መኪና ይህ ከመጠን ያለፈ አይደለም። ሾክ አብዞርበሩ ለዚህ ሞላ የሚመጥን እስከሆነ ድረስ እስካሁን ምንም የተበላሸ ነገር የለም።

የሚበላሸው መኪናዋን ስናወርዳት ነው። ከመደበኛ ቁመቷ ተነስቶ ሾክ አብዞርበሩ ዘንግ ላይ እስካለችው፣ የጎማው ጉዞ ሲያልቅ እስከምትገታው መግቻ ላስቲክ ድረስ 70 ሚሊሜትር ጉዞ አለ እንበል። በለስላሳው ሞላ ላስቲኳን ለመንካት ከክብደቷ በላይ ተጨማሪ 1,260 ኒውተን ያስፈልጋል። አሁን በዚያው ሾክ አብዞርበር ላይ እጥፍ ግትር የሆነውን አጭር ሞላ አስገብተን መኪናዋን 50 ሚሊሜትር እናውርዳት። የቀረን ጉዞ 20 ሚሊሜትር ነው። ላስቲኳን ለመንካት አሁን 720 ኒውተን ይበቃል። ልብ በሉልኝ፦ ሞላውን እጥፍ አጠንክረን መኪናዋ በግማሽ ያህል ኃይል መጨረሻዋ ላይ የምትደርስ ሆነች።

ይህን በወረቀት ላይ ያሰላሁት ከደረሰብኝ በኋላ ነው። የገዛኋቸው አጫጭር ሞላዎች ነበሩ፤ ሾክ አብዞርበሩ የፋብሪካው ቁመት ያለው ነበር፤ መኪናዋ ቆማ ስትታይ ታምር ነበር። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ምንም አላልኩም። ኩርባ መሐል ላይ ትንሽ እብጠት ሲያጋጥም ግን የፊቱ ጎማ ድንገት ይከዳ ነበር፤ መሪው ይቀልና መኪናዋ ወደ ውጭ ትገፋለች። መግቻ ላስቲክ ሲነካ የጥጉ ግትርነት በቅጽበት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ክብደቱ በሙሉ በዚያ አንድ ጎማ ላይ ይወርዳል፤ ጎማው ከመያዝ አቅሙ ያልፋል። ስትራቱን ፈትቼ ስመለከት ላስቲኳ ታኝካ፣ ፍርፋሪዋ ዘንጉ ሥር ተከምሮ ነበር። ነድቼ የመጣሁት በሞላ ላይ ሳይሆን በዚያች የአውራ ጣት ያህል ላስቲክ ላይ ነበር ማለት ነው።

በታች በኩልም ሌላ ጣጣ አለ። ግትሩ ሞላ በመኪናዋ ክብደት የሚጨመቀው 68 ሚሊሜትር ብቻ ነው። መኪናዋ በክሪክ ስትነሳ ወይም ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ስትራቱ ከዚያ በላይ ከተዘረጋ ሞላው ከመቀመጫው ይላቀቃል። ጎማው ሲመለስ ሞላው ጠምሞ ሊቀመጥ ይችላል። አጭር ሞላ የሚፈልግ ሰው አጭር ስትራትም ይፈልጋል። በ240ዜድ ላይ ይህ ማለት የስትራቱን ቱቦ ቆርጦ፣ አሳጥሮ መበየድና ለቁመቱ የሚስማማ አጭር ሾክ አብዞርበር ማስገባት ነው። ብየዳው ጎማ የሚሸከም ብየዳ ስለሆነ በሥራው ለተካነ ሰው ብቻ ይሰጥ። ይህን ማድረግ የማይፈልግ ሰው መኪናዋን ባያወርዳት ወይም ከ20 እና 25 ሚሊሜትር ባያልፍ እመክራለሁ። ሞላን በመጋዝ መቁረጥ ደግሞ ከናካቴው ይቅር፤ የጥምዝ ቁጥር ሲቀንስ ግትርነቱም ይጨምራል፣ የተቆረጠው ጫፍም በመቀመጫው ላይ በትክክል አይቀመጥም።

ዕቃው በሳጥን ከመጣ በኋላ ሳጥኑን ለመክፈት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የቆርቆሮው ነገር ይታይ። የስትራቱ አናት የሚታሰርበት ጉብታ፣ የፊት ክንዶች የሚታሰሩበት አግዳሚ፣ ከክንዱ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ የሚገባበት ኩባያ መሰል ብረት፤ እነዚህን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ። ካቻቢቴው ከሰመጠ የሰስፔንሽን ሥራው እዚያ ላይ ቆሞ የቆርቆሮ ሥራ ይጀመር። የፋብሪካው መሐንዲስ ያንን ብረት ያሰበው በለስላሳ ጎሚኒ፣ ማለትም በላስቲክ ቡሽ፣ በኩል ለሚመጣ ኃይል ነው። ጎሚኒውን በጠንካራ ቡሽ ስትተኩ ቀድሞ ጎሚኒው ይውጠው የነበረውን ምት አሮጌው ቆርቆሮ ይቀበለዋል።

ስለ ቡሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ሰዎች ብዙ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የፋብሪካው ጎሚኒ ሁለት የብረት ቱቦዎች አሉት፤ አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ፣ በመሐላቸው ከሁለቱም ጋር የተጣበቀ ላስቲክ። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጡ ቱቦ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፤ የውጩ ከክንዱ ጋር ይሄዳል። ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ የሚንሸራተት ነገር የለም፤ ላስቲኩ ይጠመዘዛል እንጂ። ከላስቲክ የሚጠነክር ፕላስቲክ የሆነው ፖሊዩረቴን ቡሽ ግን አይጣበቅም። በውስጡ ያለው ቱቦ መዞር አለበት፤ ለመዞር ግራሶ ይፈልጋል፤ ግራሶው ሲደርቅ ይጮኻል፣ ከዚያም ይያዛል። ስለዚህ ፖሊዩረቴን የሚገጥም ሰው አምራቹ ያዘዘውን ግራሶ በብዛት ይቀባ፤ ቱቦው በቡሹ ውስጥ በእጅ እንደሚዞር ሳያረጋግጥም ብሎኑን አያስገባ። በእጅ የማይዞር ከሆነ ቡሹ ጠብቧል፤ መስተካከል አለበት።

ፖሊዩረቴን ጥሩ ቦታ አለው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚዞር ማጠፊያ ላይ፣ ለምሳሌ የክንድ መነሻ ላይ፣ ሥራውን ያሳምራል። በብዙ አቅጣጫ በሚያዘነብል ቦታ ላይ ግን አደጋ ነው። በ240ዜድ ፊት ላይ ከታችኛው ክንድ ተነስቶ ወደ ኋላ ወደ ሻንሲው የሚሄድ ዘንግ አለ፤ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚይዘው እሱ ነው። ዘንጉ በሻንሲው ብረት ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል፤ ከፊት አንድ ላስቲክ፣ ከኋላ አንድ ላስቲክ፣ ጫፉ ላይ ዳዶ። ጎማው ወደ ላይ ሲወጣ ዘንጉ ያዘነብላል፤ ላስቲኮቹ በአንድ በኩል እየተጨመቁ በሌላው እየለቀቁ ይሸኙታል። ሁለቱንም በጠንካራ ፖሊዩረቴን ከቀየርናቸው ዘንጉ ማዘንበል ስለማይችል ይታጠፋል። በእያንዳንዱ እብጠት ላይ፣ ጥርሱ በሚጀምርበት ቀጭን አንገት ላይ፣ በጥቂቱ ይታጠፋል። ብረት ደግሞ እየታጠፈ እየተቃና ሲኖር ይደክማል።

እኔ ሁለቱንም ቀይሬያቸው ነበር። ከወራት በኋላ ለሌላ ሥራ ፈትቼ ዘንጉን ስጠርገው አንገቱ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር አየሁ። ጭረት መስላኝ በጣት ጥፍሬ ሳኳት ጥፍሬን ያዘችኝ። ስንጥቅ ነበረች። በሞርሳ አስሬ ትንሽ ስገፋው ተሰበረ፤ ከተሰበረው ፊት ግማሹ ያህል ቀድሞ ተሰንጥቆ ጠቁሮ፣ ግማሹ ብቻ አዲስ ብረት ሆኖ ያብለጨልጭ ነበር። ያ ዘንግ በከባድ ፍሬን ላይ ቢለቅ ኖሮ ጎማው ወደ ኋላ ተስቦ ፓራፋንጎው ውስጥ ይገባ ነበር። አሁን ያለው ከፊት ፖሊዩረቴን፣ ከኋላ ላስቲክ ነው። ፍሬን ሲያዝ የሚጫነው የፊተኛው ስለሆነ ጥንካሬው እዚያ ይጠቅማል፤ የኋላው ላስቲክ ደግሞ ዘንጉ እንዲያዘነብል ይፈቅድለታል። በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር ሉላዊ መገጣጠሚያ ያለው ዘንግ መግጠምም ይቻላል፤ እሱ ግን ከአቧራና ከውኃ ጥበቃ ይፈልጋል፣ ድምፅም ያስገባል።

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። የኋላው ታችኛ ክንድ ከጎማው ተሸካሚ ጋር የሚያያዘው ስፒንድል ፒን በሚባል ረጅም ዘንግ ነው። ፒኑ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ሁለት ጎሚኒዎችንና በመሐላቸው ያለውን ተሸካሚ ዘልቆ ያልፋል፤ መሐሉ ላይ በትንሽ መቆለፊያ ፒን ይያዛል። ለ50 ዓመት ያልተነካ ከሆነ ከጎሚኒው የውስጥ ቱቦ ጋር በዝገት አንድ አካል ሆኗል። ይህን መኪና ያወቀ ሰው ሁሉ የሚፈራው ሥራ ይህ ነው፤ ትዕግሥት ካለ ግን የሚፈራ አይደለም።

መጀመሪያ የመሐሉን መቆለፊያ ፒን አውጡ። ብዙ ሰው እሱን ረስቶ ዋናውን ፒን በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ይውላል። ዳዶውን ላላ አድርጉ እንጂ ሙሉ በሙሉ አትፍቱት፤ ጫፉ ላይ ዳዶው ሳለ ነካ ነካ ብታደርጉት ጥርሱ ሳይጎዳ ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ ዝገት የሚያላቅቀውን ዘይት ከሁለቱም ጫፎች አጠጡትና ሂዱ። በማግሥቱ ድገሙት። እኔ ሦስት ቀን ነው ያጠጣሁት። የፒኑን ጫፍ በቀጥታ በመዶሻ መምታት ክልክል ነው ብላችሁ ያዙ። ጫፉ እንደ እንጉዳይ ይደፈጠጣል፤ የተደፈጠጠ ጫፍ ደግሞ በቀዳዳው አያልፍም፤ አንድ የነበረው ችግር ሁለት ይሆናል።

የሚያስፈልገው መጎተቻ ነው። ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ ፒኑን በውስጡ የሚያሳልፍ የብረት ቱቦ ቁራጭ በፒኑ ጫፍ ላይ አልብሱ፤ ጎሚኒውን ሳይሆን ተሸካሚውን ወይም ክንዱን ይደገፍ። በቱቦው አፍ ላይ ወፍራም ሮንዴላ፣ በሮንዴላው ላይ ረጅም ዳዶ። ዳዶው ረጅም የሚሆነው ኃይሉ በብዙ ጥርስ ላይ እንዲከፋፈል ነው፤ በአጭር ዳዶ የተሞከረ ጥርስ ተላልጦ ይቀራል። ጥርሱንና ሮንዴላውን ግራሶ ቀቡና ዳዶውን አዙሩ። ፒኑ ወደ ቱቦው ውስጥ ይሳባል። መጀመሪያ ምንም አይሆንም፤ ቁልፉ ይከብዳል፤ ቱቦው ሲጠብቅ ይሰማችኋል። በዚህ ጊዜ አቁሙና ዘይት ጨምሩ፣ ተሸካሚውን ከጎን በኩል በመዶሻ ኮርኮር አድርጉት። ከዚያ እንደገና። የእኔ ሲለቅ የጠመንጃ ያህል ጮኸ፤ ከዚያም በኋላ እያጉረመረመ፣ ቀይ ዱቄት እያራገፈ፣ በእያንዳንዱ የቁልፍ ዙር ትንሽ ትንሽ እያለ ወጣ። ሙሉ ከሰዓት ወሰደ። ወደ ውስጥ ስትመልሱ አዲስ ፒን በስሱ ግራሶ ቀብታችሁ አስገቡ፤ ወደፊት የሚፈታው ሰው ምናልባት እናንተው ናችሁ።

እሳት ልጠቀም የሚል ካለ፣ በቅርብ የፍሬን ቱቦና ዘይት እንዳለ ያስታውስ። ላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስም ሳንባ የሚጎዳ ነው። እኔ አልተጠቀምኩም።

ስትራት መበተንን በአጭሩ ልለፈው፤ አንድ ነገር ብቻ ሳልናገር አላልፍም። በሞላ መጭመቂያ 100 ሚሊሜትር የተጨመቀ፣ በሚሊሜትር 18 ኒውተን የሚጠይቅ ሞላ 1,800 ኒውተን ይዟል፤ 180 ኪሎ ያህል ክብደት እንደማለት ነው። ግትሩ ከሆነ እጥፉን። የመጭመቂያው ሁለት መንጠቆዎች ትይዩ ሆነው በእኩል ይጥበቁ፤ ፊታችሁና እጃችሁ በሞላው አናት አቅጣጫ አይሁን። የሾክ አብዞርበሩን የሚያብረቀርቅ ዘንግ በፒንሳ አትያዙ፤ አንዲት ጭረት የዘይት ማኅተሙን ትቆርጠዋለች፣ አዲሱ ሾክ አብዞርበር በወሩ ዘይት ያፈሳል። በ240ዜድ ላይ አዲሱ ሾክ አብዞርበር በስትራቱ ቱቦ ውስጥ እንደ ጎራዴ በሰገባው የሚገባ ነው። ቱቦው ውስጥ የነበረው አሮጌ ዘይት ተጠርጎ ይወጣል፤ ከዚያ ጥቂት አዲስ ዘይት ይጨመራል። ይህ ዘይት ለማለስለስ ሳይሆን ሙቀቱን ከሾክ አብዞርበሩ ወደ ቱቦው ግድግዳ ለማሻገር ነው። መጠኑ ይለካ፤ ሾክ አብዞርበሩ ሲገባ ከአፉ የሚፈስ ከሆነ በዝቷል።

ሁሉም ገጥሞ ብሎኖቹ ቀዳዳቸው ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚመጣው ፈተና ቁልፍ አንስቶ ሁሉንም ማጥበቅ ነው። መኪናዋ በብረት መደገፊያ ላይ ናት፣ ጎማዎቹ ተንጠልጥለዋል፣ ብሎኖቹ ፊት ለፊት ናቸው፣ ቀኑም መሽቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህች ሰዓት ነው። ጎሚኒው ላስቲክ ከሆነ አታጥብቁ። ላስቲኩ ከሁለቱም ቱቦዎች ጋር የተጣበቀ መሆኑን ተናግሬያለሁ። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን ብታጠብቁት ላስቲኩ "ዕረፍቴ ይህ ነው" ብሎ እዚያው ይታሰራል። ክንዱ 300 ሚሊሜትር ርዝመት ቢኖረው፣ ጎማው ደግሞ 80 ሚሊሜትር ተንጠልጥሎ ቢሆን፣ መኪናዋ ወደ መሬት ስትወርድ ላስቲኩ ገና ሳትነዳ 15 ዲግሪ ያህል ተጠምዝዟል። ቀን ከሌት ተጠምዝዞ ይኖራል። መኪናዋም ከሚገባት በላይ ከፍ ብላ ትቀመጣለች፤ ባለቤቱ ሞላው ረዝሟል ብሎ ሌላ ሞላ ይገዛል። ከዚያም ላስቲኩ ይተረተርና "አዲሱ ጎሚኒ ጥራት የለውም" ይባላል። በብዙ መኪና ላይ ያየሁት ነው፤ ተጠያቂው ጎሚኒው ሳይሆን የጠበቀበት ሁኔታ ነበር።

ትክክለኛው አካሄድ ቀላል ነው። ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስገቡ። መኪናዋን በጎማዋ ላይ አውርዱ፤ ጎማዎቹ ሥር ቦርድ ወይም መወጣጫ አድርጋችሁ ከሥር መግባት እንድትችሉ። ጎማዎቹን በሽብልቅ አግዱ። ፊትና ኋላዋን ጥቂት ጊዜ እየተጫናችሁ አወዛውዟት፤ ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላም ግፏት፣ ጎማዎቹ በተፈጥሯዊ ቦታቸው እንዲቀመጡ። ከዚያ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው የቶርክ ቁልፍ፣ ለመኪናዋ በተጻፈው ልክ አጥብቁ። የፕላስቲክ ቀለበት ያላቸው ዳዶዎችና ስንጥቅ ፒኖች ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ። በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር ደግሞ እጅም እንኳ አይግባ።

የተወረደች መኪና የፊት ጂኦሜትሪዋ ይለወጣል። የስትራቱ ታችኛ ክንድ በፋብሪካው ቁመት ወደ ውጭ ያቆለቁላል። መኪናዋን ስናወርዳት ክንዱ አግድም ይሆናል፤ ይባስ ብሎም ውጫዊ ጫፉ ከፍ ይላል። ከዚያ ወዲያ ጎማው ሲወጣ የጎማው እግር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ አናቱ ወደ ውጭ ያጋድላል። ኩርባ ላይ እንዲሆን የምንፈልገው የዚህ ተቃራኒ ነው። የመሪው ዘንግም ከክንዱ ጋር የነበረውን ስምምነት ያጣል፤ ሁለቱ የሚስሉት ቅስት አንድ ስላልሆነ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ መሪ ሳይዞር ጎማው ራሱ ይዞራል። መፍትሔው በስትራቱ ግርጌና በመሪው ክንድ መካከል የሚገባ፣ ውፍረቱ 20 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የአሉሚኒየም ወይም የብረት ማቀፊያ ነው፤ የክንዱንና የመሪውን ዘንግ ውጫዊ ጫፍ አንድ ላይ ዝቅ ያደርጋቸዋል። ከመግጠማችሁ በፊት ማቀፊያው ከቸርኬው ውስጠኛ ክፍል ጋር እንደማይነካካ እዩ።

ይህን ሁሉ በግምት ሳይሆን በዓይን የምታዩበት መንገድ አለ፤ የሰስፔንሽን ሥራ ላይ ከምሠራው ሁሉ የምወደውም ይህንን ነው። ስትራቱን ያለ ሞላ ግጠሙት። ጎማውን አስገቡ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩ። ከዚያ በትንሽ ክሪክ ጎማውን ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ጫፍ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ጎማውን ያለ ሞላ በእጃችሁ ስታንቀሳቅሱት መኪናዋ በኩርባ ላይ በሰከንድ ክፍልፋይ የምታደርገውን በዝግታ ታሳያችኋለች። ጎማው ፓራፋንጎውን የት ይነካል? የፍሬን ቱቦው የት ይወጠራል? መግቻ ላስቲኳ ከመነካቷ በፊት ሌላ ብረት ከብረት ጋር ይጋጫል? በየ10 ሚሊሜትሩ ቆማችሁ የጎማው ፊትና ኋላ ከአንድ ቀጥ ያለ ገመድ ምን ያህል እንደሚርቁ ብትለኩ ጎማው በራሱ እንዴት እንደሚዞር ቁልጭ ብሎ ይታያል። መሪውንም ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ድገሙት። ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ለአራቱም ጎማ አንድ ቀን።

ስታብላይዘር ባርን ብዙዎች መጀመሪያ ይገጥሙታል፤ እኔ መጨረሻ አደርገዋለሁ። የባር ግትርነት የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው። ከ20 ወደ 25 ሚሊሜትር መሄድ በዓይን ትንሽ ይመስላል፤ ግትርነቱ ግን 2.4 እጥፍ ይሆናል። ከፊት ብቻ ካወፈራችሁት መኪናዋ ኩርባ ላይ ለመሪ አትታዘዝም፤ ከኋላ ብቻ ካወፈራችሁት ኋላዋ ይሸሻል። ሞላውና ሾክ አብዞርበሩ ተስማምተው ሳይነዱ ባር መምረጥ ልብስ ሳይለኩ መቁረጥ ነው።

አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቋም ማስተካከል፣ የመጨረሻው ሥራ ነው። 240ዜድ ከፋብሪካዋ ስትወጣ ካምበሯም (የጎማው ወደ ጎን ማጋደል) ካስተሯም (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ማዘንበል) አይስተካከልም፤ የሚስተካከለው የፊት ጎማዎቿ ቶ-ኢን፣ ማለትም ፊታቸው ወደ ውስጥ የሚጠጋበት መጠን፣ ነው። ሌላውን የሚፈልግ ሰው የሚስተካከል ክንድ ወይም የስትራት አናት መግጠም አለበት። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳች በኋላ ብሎኖቹ ሁሉ በቶርክ ቁልፍ ዳግም ይታዩ፤ አዲስ ቀለምና አዲስ ቡሽ ሲረጋጉ ብሎን ይላላል።

አንዲት ትንሽ ነገር ላሳያችሁና ልጨርስ። በእያንዳንዱ ሾክ አብዞርበር ዘንግ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቀለበት አጥልቁ፤ ወይም የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ታች ድረስ ግፏት። ጎማው ሲወጣ ቀለበቷ በዘንጉ ላይ ወደ ላይ ትገፋለች፤ ጎማው ሲመለስ ባለችበት ትቀራለች። በምታውቁት መንገድ ነድታችሁ ስትመለሱ ምን ያህል ጉዞ እንደተጠቀማችሁ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እኔ ስትራቱን አሳጥሬ፣ የተሰበረውን የክንድ ዘንግ ቀይሬ፣ ጎሚኒዎቹን በጎማዋ አስቁሜ አጥብቄ፣ ያ ጎማ ይከዳኝ በነበረበት ኩርባ ላይ ነዳኋት። ስመለስ መኪናዋን አንስቼ በባትሪ አየሁ። የፊት ግራው ቀለበት ከመግቻ ላስቲኳ 12 ሚሊሜትር ቀርቶት ቆሟል። የቀኙ 15። ላስቲኳ ላይ የአቧራው ንጣፍ እንዳለ ነበር፤ ምንም አልነካትም።